መርዶ ነጋሪውን የቀደመ ስልክ

አባባ ቢምረው ጨው ሊጠይቁ እንኳ ሲመጡ ከታችኛው ፎቅ ጀምረው «በደኅና ነው የመጣሁ፣ በደኅና ነው» እያሉ ነበር ደረጃውን የሚወጡት። ምን ያድርጉ፤ በእስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈራችን ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ሁሉ የእሳቸውን አንኳኳት ይፈራል። አንድ ጊዜ አንዲት ጎረቤታችን በሩን ከፍታ ስታያቸው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሳቸው የመጡት በስሕተት እጃቸው የገባ የመብራት ሒሳብ ደብዳቤዋን ሊሰጧት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ከታች ጀምሮ መናገር የለመዱት።

ሥራቸው መርዶ ማርዳት ነው። ደመወዝ የለውም፣ ሿሚም የለውም። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ለሟቹ ቤተሰብ አይደውሉም፤ ለአባባ ቢምረው ይደውላሉ። እንጀራ የሚበሉበት ሥራ ሌላ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ ወለል ጠርገዋል። መጥረጊያው ለመርዶው ጠቅሟቸዋል። ማን በየትኛው አውቶቡስ ወደ ሥራ እንደሚሄድ፣ ማን መቼ እንደሚመለስ፣ ማን የልብ ሕመምተኛ እንደሆነና ማን ከማን እንደተኳረፈ እዚያ ሆነው ነው ያወቁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሳቸው ጥበብ በሙሉ ይኼ ነበር፤ ባለቤቱ መጨረሻ እንዲሰማ፣ ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ፣ ውሃው ከቀረበ፣ የሚደግፉት እጆች ከተዘጋጁ በኋላ።

እኔን ያረዱኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ብቻዬን ቤት ነበርኩ። አባባ ቢምረው ገብተው ውሃ ለመኑኝ፤ ላመጣላቸው ወጥ ቤት ስገባ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ስመለስ አየኋቸው። ስልኩ ተበላሽቶ ሊያሠሩልን መሰለኝና አመሰገንኳቸው። ከዚያ ወርደው፣ ገና ቀን ሳለ፣ እናቴን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጠበቋት፤ ዘንቢሏን ተቀብለው አብረዋት ወጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። አስቀመጧት፣ ውሃ አጠጧት፣ ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ቀስ ብለው ስለ አባቴ ድካም አነሱ፣ ከዚያ ስለ ሕመም፣ ከዚያ ስለ ሐኪም፤ ቃሉ ራሱ ሲመጣ እናቴ ግማሽ መንገድ ሄዳ ደርሳበት ነበር። ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ይጠብቁ ኖሯል። ካደግሁ በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። «ሰው ቆሞ መርዶ አይሰማም» አሉኝ። «ብቻውንም አይሰማም።»

እኔ አድጌ ምን ሆንኩ? የማስታወቂያ ሰው። ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ አራት ሰው የሚሠራበት የዲጂታል ማርኬቲንግ ሚስራድ፣ ቢሮ ማለት ነው፣ አለ፤ የምሠራው እዚያ ነው። ባለቤቱ ናዳቭ ይባላል፤ ዖሜር፣ ከከተማው ወጣ ያለው የሀብታሞች ሰፈር ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔን የቀጠረኝ ለአማርኛዬ ነው፤ ጤፍ ለሚሸጡ፣ የሠርግ ልብስ ለሚያከራዩ፣ መኪና መንዳት ለሚያስተምሩ ገጽ እከፍታለሁ፣ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ስለነዚህ ትልልቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ምን ለመግዛት እንደፈለግህ ያውቃሉ፣ ምን እንደምትፈራ ያውቃሉ፣ አክስትህ ማን እንደሆነች ሳትነግራቸው ያውቃሉ። ዝም የሚባልበትን ሰዓት ግን አያውቁም። ለሁሉም ነገር ቁልፍ ሠርተዋል፤ ለዝምታ አልሠሩም።

ለሰፈራችን ሰው የከፈትነውን ገጽ መጀመሪያ ማንም አላየውም ነበር። የሚከራይ ቤት አወጣን፣ የሠርግ ፎቶ አወጣን፤ ሃያ ሰው፣ ሠላሳ ሰው። አንድ ቀን የአንድ አዛውንት ሌቪያ፣ ቀብራቸው ማለት ነው፣ የትና መቼ እንደሆነ ለጠፍኩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሺህ ሰው አየው። ናዳቭ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የፈካበትን ምክንያት ሲያስታውስ ደግሞ አፈረና ቡና ሊቀዳ ሄደ። ግን ሰው በእርግጥም ይፈልገው ነበር። ለቅሶው የት እንደሆነ ለማወቅ በየቤቱ መደወል ቀረ።

ያኔ ሥርዓት ነበረኝ። አንድም የሞት ማስታወቂያ ለአባባ ቢምረው ሳልደውል አልለጥፍም። «ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ?» እላለሁ። «ጠብቂ፣ እናትየዋ ከአቮዳ፣ ከሥራዋ፣ አልገባችም» ይሉኛል፤ ወይም «ልቀቂው» ይሉኛል። ሦስት ዓመት እንደዚህ ሠራን። ደመወዝ የማይከፈለው የሚስራዳችን አምስተኛ ሠራተኛ እርስዎ ነዎት እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም ወለል ከመጥረግ ይሻላል ይሉኛል።

ገጹን ስልካቸው ላይ የጫንኩላቸው፣ አጠቃቀሙን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጽሑፍ ማንበብ ያዳግታቸዋል፤ ፎቶውን ግን ያያሉ። ከእያንዳንዱ የሞት ማስታወቂያ ሥር ያለችውን አውራ ጣት ተጭነው ነው የሚያልፉት። አባባ፣ ይቺ ጣት ወደድኩት ማለት ናት፣ ለሠርግ ናት፣ ለልደት ናት ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። ሰው ሞቶ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ እኔ ስጫናት ደርሻለሁ፣ አይቻለሁ ማለቴ ነው አሉኝ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ከእሳቸው ተማሩ። በእኛ ገጽ ላይ ሰው ሲሞት ስድሳ ሰባ አውራ ጣት ይሰለፍለታል። ናዳቭ ይኼን አይቶ ግራ ገባው፤ አስረዳሁት።

ከዚያ ከሌላ ከተማ አንድ ገጽ ተነሣና ይቀድመን ጀመር። እኛ «ጠብቂ» ስንባል እነሱ ለጥፈውታል። የሚያየን ሰው ቀነሰ። ናዳቭ አላዘዘኝም፤ ምን ብናደርግ ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ እንጂ። እኔው ነኝ መላ ያመጣሁ። ማንም ሰው ስምና ፎቶ የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጀሁ፤ ቅጹ ሲሞላ ማስታወቂያው በራሱ ይወጣል። ብዙ ሰው ያየው ደግሞ ክፍያ ተከፍሎለት ሟቹን ሊያውቁ ለሚችሉ ሰዎች ሁሉ እንዲታይ አደረግሁ። አማርኛ ተናጋሪ፣ ከአምሳ ዓመት በላይ፣ ቤርሼባ፣ ከጎንደር ሰው ጋር የሚገናኝ። እያንዳንዱን ሳጥን በጣቴ ምልክት ያደረግሁበት እኔ ነኝ። ለአባባ ቢምረው አልነገርኳቸውም። መደወል ብቻ አቆምኩ። ከመናኸሪያው ጎን ገበያው ውስጥ ሲያገኙኝ «ምነው ልጄ፣ ሰው መሞት ተወ እንዴ?» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለው ትተውኝ ሄዱ። እኔም ሳቅሁ።

አሁን ስለ አገሬ መናገር አለብኝ። አባባ ቢምረውና ባለቤታቸው እማማ ትርንጎ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ትንንሾቹን ልጆች፣ ዛሬ አድገው በየከተማው የሚኖሩትን፣ ይዘው ሲመጡ የበኩር ልጃቸው አገሬ ጎንደር ቀረች። ባል አግብታ ነበርና ወደ እስራኤል የመግቢያ ፋይሏ ለብቻ ነው ተባለ። ያ ፋይል በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በየዓመቱ ወረቀት ይጎድለዋል። እማማ ትርንጎ ስድሳ ዓመት አልፏቸውም ዖሜር የሰው ቤት ያጸዳሉ፤ ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ለአገሬ ይደውላሉ። ሳምንቱን የሚቆጥሩት በዚያ ስልክ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አገሬ ጎንደር ሞተች። ታማ ሦስት ቀን ነው የቆየች። ዘመዶቿ ወግ የሚያውቁ ናቸውና ለወላጆቿ አልደወሉም። አባባ ቢምረውን እንዳይጠሩ አባት ናቸው፤ ስለዚህ ለሽሙኤል ደወሉ። ሽሙኤል የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መርዶ ሲሄዱ ከአባባ ቢምረው ኋላ ኋላ እየሄደ ሥራውን የተማረ ሰው ነው። እሱም ቄሱን፣ የቤተ እስራኤሉን ካህናችንን፣ ከሌላ ከተማ ጠራ፣ ለእማማ ትርንጎ ጓደኛ ለእማማ ይታይሽ ነገረ። መርዶ ለማታ አይሰጥም፣ ሌሊቱ ይረዝማል፤ ይኼም የአባባ ቢምረው ትምህርት ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ እማማ ትርንጎ ወደ ዖሜር ሳይወጡ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እናረዳቸዋለን ተባለ። ሽሙኤል ለእኔም ደወለ። ገጹ ላይ እንዳታወጪው አለኝ። ስብሰባ ውስጥ ነበርኩ፤ እሺ አልኩት።

እሺ ስል ከልቤ ነበር። እኔ ዝም ካልኩ ገጹም ዝም የሚል መሰለኝ። ቅጹ ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ከስብሰባው ስወጣ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ገጹን ከፈትኩ። አገሬ ቢጫ ሻሽ አስራ ትስቃለች። ጎንደር ያለች አንዲት ጎረቤቷ ክፋት አስባ ሳይሆን አዝና፣ ቅጹን ሞልታ ልካዋለች። እኩለ ቀን ላይ በራሱ ወጥቷል። አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰው ዘንድ ደርሷል። ከሥሩ ነፍስ ይማር የሚል ተደርድሯል፣ አውራ ጣቶቹም ተሰልፈዋል። የጣቶቹን ስም ዝርዝር ከፈትኩት። ሦስተኛው አባባ ቢምረው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አድርገው እኔው ያነሣኋቸው ፎቶ።

 መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር፣ ኀዘኑ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ፊቷን ለይተው ነው አውራ ጣቷን የተጫኑት ወይስ እንደ ልማዳቸው ተጭነው ነው ቀና ብለው ያዩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጠይቃቸውም አልችልም። ማስታወቂያውን አጠፋሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጣትም እንደዚያው ነው። ለሽሙኤል ደወልኩ፣ እየነዳ ነበርና አላነሣም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

አባባ ቢምረው በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቴሌቪዥኑን ከመብራቱ ነቅለውታል። የራሳቸውን ፔላፎን፣ የእጅ ስልካቸውን፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተውታል። ፊታቸው ታጥቧል፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። እግዚአብሔር ያጽናዎ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ቁጭ በይ አሉኝ፤ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። መርዶ የሚረዳ ሰው አስመስለውኝ ነበር።

«እነማን ናቸው የሚመጡት?» አሉ።

ሽሙኤል፣ ቄሱና እማማ ይታይሽ፣ ነገ ጠዋት አልኳቸው። ይታይሽ መምጣቷን ወደዱት፤ ትርንጎ እሷ ስትይዛት ትረጋጋለች አሉ። ሽሙኤል ግን ይቸኩላል፤ የላሐጽ ዳሙን ካዱር፣ የደም ግፊቷን ክኒን፣ ሳትውጥ እንዳይጀምር ንገሪው አሉኝ። ይኼን ሁሉ ሲናገሩ ስለ ሌላ ሰው ቤት የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። አላስቻለኝም። አባባ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ቅጹን እኔ ነኝ የሠራሁት አልኳቸው። እሱ ይቆየን አሉ፤ አሁን እሷ ሳትሰማ ቤቷ ትግባ።

የእማማ ትርንጎ ፔላፎን ላይ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አጥፍቼዋለሁ አልኩ። የሌላው ከተማ ገጽስ አሉ። ያኛውን እኔ ላጠፋው አልችልም። ምን ያህል ሰው ቀድቶ እንደወሰደውም አላውቅም። አሥር ዓመት የሠራሁበት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እንዲደርስ ማድረግ እችላለሁ፣ እንዳይደርስ ማድረግ አልችልም።

ሽሙኤልን አሁኑኑ ልጥራው፣ ቄሱም ባይደርስ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ትረዱ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ከነገርናት ሌሊቱን በምን ትገፋዋለች? አንድ ሌሊት ልጇ እንዳለችላት ትተኛ።»

«እርስዎስ?» አልኩ።

«እኔማ ሥራዬ ነው» አሉ።

አብረን ወርደን ፌርማታው ላይ ቆምን። ከዖሜር የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ እማማ ትርንጎ ትልቅ ከረጢት ታቅፈው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ወረዱ። ስቀው ሳሙኝ። ስልኬ ዛሬ ሲጮህ ውሏል፣ ረዑት፣ የምሠራላት ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ስልክ አትወድምና አላየሁትም አሉ። አባባ ቢምረው ዘንቢላቸውን ተቀበሉ። ከውስጡ ስልኩን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝና ተበላሽቷል፣ ይቺ ምስራቅ ታሠራልሻለች፣ ነገ ትመልስልሻለች አሉ። እማማ ትርንጎ አመሰገኑኝ፤ እኔም ምንም አይደል አልኩ። በእጄ ላይ ስልኩ ሁለት ጊዜ ነዘረ፤ አጠፋሁት።

ቤት ገብተን ከረጢቱን ፈቱት። ረዑት የሰጠቻቸው ወፍራም ካፖርት ነው፤ ለአገሬ ነው፣ ጎንደር ክረምቱ ይከብዳታል፣ ብትመጣም እዚህ ትለብሰዋለች አሉ። ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ልክ ይሆናታል ወይ ብለው ባላቸውን ጠየቁ። አባባ ቢምረው አዩት፣ እጅጌውን ዳሰሱት። ይሆናታል አሉ። ከዚያ ሰላጣ ሊከትፉ ወጥ ቤት ገቡ፤ በሕይወቴ ወጥ ቤት ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ልቆይ ብል በዓይናቸው ሂጂ አሉኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉት የሚያውቅ እሳቸውና እግዚአብሔር ናቸው። ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም ያሉኝ ሰው፣ መርዶውን የማያውቅ ሰው አጠገብ ተኝተው አደሩ። እዚያ ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሽሙኤልን መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተቆጣኝ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ደረጃው ሥር ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ። እማማ ትርንጎ በሩን ሲከፍቱ ለሥራ ለብሰዋል። ቄሱን ሲያዩ የማን ሰው ነው የሞተው፣ ቢምረውን ልትወስዱት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ባላቸውን ለሌላ ሰው መርዶ ሊጠሯቸው የመጡ ነበር የመሰላቸው፤ ስንት ጊዜ እንደዚህ ተጠርተዋልና። አባባ ቢምረው ኑ ግቡ አሉን። ራሳቸው ሚስታቸውን ሶፋው ላይ አስቀመጡ፣ ክኒኑንና ውሃውን ሰጧቸው፣ ከጎናቸውም ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ማንኛውም የሚረዳ ሰው ሽሙኤልን ተመለከቱ።

ሽሙኤል ጀመረ። ስለ ጎንደር ዝናብ አነሣ፣ በዚያ ሰሞን ስለገባው በሽታ አነሣ፣ ከዚያ ድምፁ ተሰበረና ቆመ።  ቄሱ ወደ ወለሉ አዩ። እማማ ትርንጎ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ መመልከት ጀመሩ። ያኔ አባባ ቢምረው መንገዱን ራሳቸው አሳዩት።

«ለመሆኑ አገሬ ደኅና ናት ወይ?» ብለው ሽሙኤልን ጠየቁት።

ታማ ነበር አለ ሽሙኤል። ሐኪም አይቷት ነበር ወይ አሉ አባባ ቢምረው። አይቷት ነበር አለ። አልተሻላትም ወይ አሉ። እንደዚህ እያሉ፣ እየጠየቁ፣ የራሳቸውን ልጅ መርዶ ደረጃ በደረጃ አወረዱት። እማማ ትርንጎ የባላቸውን ክንድ ይዘው ጥያቄውን ከእሳቸው፣ መልሱን ከሽሙኤል ይሰሙ ነበር። የመጨረሻውን ቃል ሽሙኤል ሲናገር እማማ ይታይሽ ቀድመው ወገባቸውን ይዘዋቸው ነበር።

ስለ ጩኸቱ አልጽፍም። ረጅም ነበር። ደረጃው ላይ የቆሙት ሴቶች ገቡ፣ ሕንጻው ሁሉ ሰማ። አባባ ቢምረውም አለቀሱ፤ ከትናንት ጀምሮ የያዙት ነበርና አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ጠፋ። ሰው ሁሉ አሁን የሰሙ መሰለው።

እማማ ትርንጎ ትንሽ ሲረጋጉ ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። ከእሱ በፊት ማን ሊሰማ ይችላል፣ የአገሩ መርዶ ሁሉ በእሱ በኩል አይደል የሚያልፈው ብለው ነው መሰለኝ፣ ዓይን ዓይናቸውን ተመለከቱ።

«አንተ መቼ ሰማህ?» አሉ።

«አሁን» አሉ አባባ ቢምረው። «ከአንቺ ጋር ነው የሰማሁ።»

እማማ ትርንጎ አመኗቸው።